ያልሄደችበት እራት

ሰውዬው ጫማውን ማውለቅ አቅቶት በሩ ላይ ሲታገል ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። አውልቅ ያለው የለም፤ ደጃፉ ላይ የተከመረውን ጫማ አይቶ በራሱ ጊዜ ነው የጀመረው። ሰማንያ ሊሞላው የቀረበ ረዥም ፈረንጅ ነው። በአንድ እጁ ግድግዳውን ተደግፎ በሌላው ክሩን ይጎትታል። በመጨረሻ የቤቱ ልጅ ሳራ ጎንበስ ብላ ፈታችለት።

ስመኝ ከፍራሹ ላይ ሆና ታየዋለች። ባሏ ሳህሌ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ማክሰኞ ጠዋት መኪናውን ሊያስነሳ ገብቶ፣ ቁልፉን ሳያዞር ልቡ ቆመ።

«ከኢንሹራንስ ይሆናል» አሉ እትዬ አፀደ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው። እትዬ አፀደ ሲያንሾካሹኩ ኩሽና ድረስ ይሰማል።

«ኧረ ጎረቤት ነው» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሼ እሸቱ፣ እሳቸውም ባልተናነሰ ድምፅ።

ስመኝ ማንነቱን ያወቀችው ወደ ውስጥ ሲራመድ ነው፤ ግራ እግሩን ይጎትታል። አግኝታው ባታውቅም ሳህሌ ስለዚህ እግር ስንት ጊዜ አውርቷል። ሚስተር ዋርነር ነው፤ የክለቡ ሰው። ሊነግራት የመጣውን የምታውቅ መሰላት። ባልሽ በአንቺ የተነሳ ከክለቡ ቀረ ሊላት ነው።

ክለቡ ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ያለ፣ መቶ ዓመት ያለፈው የጎልፍ ክለብ ነው። ሦስት ሜዳ አለው፤ ሦስቱንም ሳህሌ በእግሩ ያውቃቸዋል። በዲቪ አሜሪካ እንደመጡ ዘጠኝ ዓመት ሣር ያጨደው እዚያ ነው። ጤዛው ሳይረግፍ በማሽን ይዞራል፤ አባላቱ መምጣት ሲጀምሩ ከዓይናቸው ዞር ይላል። በኋላ ያን ሥራ ለቆ ከስመኝ ጋር በሽተኛ በየቤቱ የሚያስታምም ሆም ኬር ከፈቱ፤ ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈርም ይህን ቤት ገዙ። ሰው ሁሉ ሳህሌ አለፈለት አለ። እሱ ግን ያ ሜዳ ከልቡ አልወጣም። ዱላ ገዝቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለማንም ክፍት ወደሆነ ሜዳ እየሄደ ጎልፍ ለመደ። ሚስተር ዋርነርን ያገኘው የሰውዬው ሚስት ታማ፣ የሳህሌ ድርጅት እስክታርፍ ሲንከባከባት ነው።

«ስፖንሰር አገኘሁ» አላት አንድ ቀን።

«ማንን ልታመጣ?» ስመኝ ስፖንሰር ሲባል የምታውቀው ዘመድ ከአገር ቤት ማምጣትን ነው።

«እኔን ነው፣ ስምዬ። ክለቡ ሊያስገባኝ ነው። እንደ አባል።»

ከዚያ አስረዳት። ሁለት አባላት ይመሰክሩልሃል። ፎቶህ አዳራሹ ውስጥ አንድ ወር ይለጠፋል፤ የሚቃወም ካለ ይቃወማል። መጨረሻ ላይ ከሚስትህ ጋር እራት ትጠራና ኮሚቴው ያይሃል።

«እድር ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«የፈረንጅ እድር በይው።» እሱም ሳቀ። የእራቱ ቀን ሲቆረጥ ግን ሳቁ ቀረ።

ጋሼ እሸቱ ለሚስተር ዋርነር ወንበር ሳቡለት። ሻይ በወረቀት ኩባያ ቀረበለት። አልጠጣውም፤ በሁለት እጁ ይዞት የሳህሌን ፎቶ ያያል። ለቅሶ ቤት የሚያውቀው ሰው የሌለው እንግዳ ምን እንደሚል ይጠፋዋል፤ እሱም ጠፍቶት ጉሮሮውን ደጋግሞ ይጠርጋል። ስመኝ አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

ሳህሌ ክለቡ ውስጥ ሣር በሚያጭድበት ዘመን፣ ሳራን የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። አንድ ቀን ምሳውን ረስቶ ወጣና ጎረቤት ለምና በመኪና ይዛለት ሄደች። የበሩ ዘበኛ የያዘችውን ፌስታል አይቶ ወደ ኋላ በር ጠቆማት። ያደረሳት ጎረቤት ሥራ ስለሚረፍድበት ጥሏት ሄዷል። በሐምሌ ፀሐይ፣ ሆዷን ይዛ፣ አጥሩን እየታከከች ዞረች። አጥሩ ማለቂያ አልነበረውም። ሳህሌ ከውስጥ ሲወጣ ፊቱ በደስታ በርቷል።

«ሜዳውን አየሽው?» አላት።

«እኔ ያየሁት አጥሩን ነው» አለችው።

እሱ ምሳውን በልቶ ረሳው። እሷ አልረሳችም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ክለቡ በተነሳ ቁጥር ያ ፀሐይ አናቷን ይመታታል። ስለዚህ አምና በመስከረም ለእራቱ ሲጠሩ ቁርጡን ነገረችው።

«በኋላ በር የዞርኩበት ግቢ ተመርጬ ልገባ አልለማመጥም። አንተ ሂድ።»

«ለዚህ እኮ ነው። በፊት ለፊት በር እንድትገቢ ነው።»

«አስገባኝ ብዬሃለሁ?»

በሚያዝያ እንደገና ተጠሩ። ሳህሌ ቀሚስ ገዝቶላት መጣ፤ ልኳን ሳይስት። እራቱ ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ተኛችና «አሞኛል በላቸው» አለችው። እንዳላመማት ያውቃል። ምንም ሳይላት በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና ሳሎን ሄዶ ስልክ ደወለ። ከዚያ በኋላ የክለቡን ስም አንስቶ አያውቅም። ሳይቀበሉት ቀሩ ማለት ነው ብላ አሰበች። ልትጠይቀው ትፈልግና መልሱን ትፈራለች። አምስት ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ ማክሰኞ መጣ።

ሚስተር ዋርነር ጉሮሮውን እንደገና ሲጠርግ ከዚህ በላይ መቻል አቃታት።

«ሳራ፣ ጠይቂልኝ። በእኔ ምክንያት ነው ወይ የቀረው በዪው።»

«ማሚ፣ ኖት ናው። ፕሊስ።»

«ጠይቂው አልኩሽ።»

ሳራ ጠየቀችው። ሰውዬው አይደለም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ኩባያውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ መናገር ጀመረ፤ ሳራም እግር በእግር ትተረጉማለች። የሳህሌ ፎቶ ወሩን ሙሉ ተሰቅሎ አንድም ሰው አልተቃወመውም። እንዲያውም ሣር ሲያጭድ የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ፎቶው ሥር ቆመው ስለሱ ሲያወሩ ነበር። በሚያዝያ ባለቤቴ አሟታል ብሎ ሲደውል ኮሚቴው አዘነ፤ ሊቀመንበሩም ግድ የለም፣ ደንቡ ይቅርና ብቻህን ና፣ ዛሬውኑ እንጨርስልሃለን አለው።

ሳራ እዚህ ላይ ስትደርስ መተርጎሟን አቋርጣ ወደ ሰውዬው ዞረች።

«ምን አለ?»

«ዳዲ እምቢ አለ ነው የሚለው።»

«እንዴት እምቢ?»

ሳራ ሰውዬውን መልሳ ጠየቀችውና ተረጎመች። «‹ብቻዬንማ ዘጠኝ ዓመት ገብቼበታለሁ› አላቸው። ‹ባለቤቴ ስትፈልግ አብረን እንመጣለን፤ እጠብቃታለሁ።› እስከዛሬ ፋይሉን አልዘጉትም፣ ማሚ።»

ስመኝ መጀመሪያ አላለቀሰችም፤ አምስቱን ወር እየቆጠረች ነበር። እራት በልተው ሳህን እያጠበ ዝም ሲል፣ ከሥራ ሲመለሱ መኪና ውስጥ ዝም ሲል፣ አኩርፎኛል ብላ እሷም መልሳ ታኮርፈው ነበር። ለካ አላኮረፈም። በሩ ተከፍቶለት ቆሞ እሷን እየጠበቀ ኖሯል። አንድ ቃል ቢነግራት ምን ነበረበት? አንድ ቃል ብትጠይቀውስ? ቆጭቷት፣ ከአንጀቷ፣ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ሚስተር ዋርነር ያጠፋ መስሎት ሊነሳ ሲል ጋሼ እሸቱ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት።

ለቅሶው ሲበርድ ስመኝ ፊቷን በነጠላዋ ጠራረገች። ሳራ እንድትተረጉምላት አልጠበቀችም። በሽተኛ ስታስታምም በተማረችው እንግሊዝኛ ራሷ ጠየቀችው።

«ያን ቀን ብመጣ ምን ትሉኝ ነበር?»

ሰውዬው ትንሽ አሰበ። «ከባድ ነገር አይደለም። ሁሌም አንድ ነገር ነው የምንለው። ስለ ባልሽ ንገሪን እንላለን።»

ስመኝ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ፣ ከጎኗ የተለቀቀውን የፍራሹን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ና፣ እዚህ» አለችው፣ በአማርኛ።

«እግሩን ያመዋል እኮ፣ ልጄ» አሉ ጋሼ እሸቱ።

ሚስተር ዋርነር ግን ኩባያውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ፣ የሳራን ትከሻ ይዞ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወረደና ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። የታመመ እግሩን ፊት ለፊቱ ዘረጋው። ሳራ ልትተረጉም ጠጋ ስትል ስመኝ በእጇ መለሰቻት።

«ባሌ» አለች በእንግሊዝኛዋ፣ «መጠበቅ የማይችል ሰው ነበር። ቸርች ለመሄድ እንኳ ሁለቴ ክላክስ ካደረገ፣ ጥሎኝ ይሄዳል።»

«ለዚያ እራት ግን ጠበቀኝ።» የሰውዬውን እጅጌ ያዘች።