የዓርቡ ሂስ

አሥር አለቃ ወለላ በነገሌ ቦረና ዳር በሰፈረ አንድ ብርጌድ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበረች። ያደገችውም እዚያው ካምፑ አጥር ሥር ካሉት የወታደር ቤቶች በአንዱ ነው። አባቷ ኦጋዴን ላይ ሲወድቅ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። «ከእንግዲህ ወላጅሽ ሠራዊቱ ነው» አሏት፤ በዓመቱ ተቀጠረች።

በ1976 ግንቦት ላይ የክፍሉ አለቃ ሻምበል በላይነህ አዲስ የመጣ ባትሪ ተረከቢ ብሎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ላካት። ተከትሏት ገባና በሩን ከውስጥ ቆለፈው። ሲይዛት ታገለችው፤ እጁን እስኪደማ ነከሰችው። መቀርቀሪያውን ከፍታ ስታመልጥ የሸሚዟ እጅጌ ከትከሻው ተቀዶ ተንጠለጠለ።

ደጅ ላይ ሃምሳ አለቃ ጃታኒ ኦራል መኪናውን ይጠግን ነበር። ቀና ብሎ እጅጌዋን አየ፤ ከኋላዋ እጁን በመሐረብ እየጠቀለለ የወጣውን ሻምበልም አየ። ከዚያ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ አቀረቀረ።

ወለላ የሆነውን ሁሉ ጽፋ ለብርጌዱ የፖለቲካ ኃላፊ ለሻለቃ ከተማ ሰጠች። ሻለቃው እፊቷ አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። በሦስተኛው ቀን ሻምበሉ ያንኑ ወረቀት ይዞ ሬዲዮዋ ፊት መጥቶ ቆመ።

«ጽሕፈትሽ ያምራል» አላት።

በሳምንቱ «ለአለቃ ባለመታዘዝ» ተብላ ለሂስና ግለ ሂስ ቀረበች። ዓርብ ዓርብ ወታደሩ አዳራሽ ተሰብስቦ በየተራ ጥፋቱን የሚናዘዝበት ስብሰባ ነው። ሻለቃ ከተማ ተነሺና ራስሽን ሂሺ አላት።

«ጥፋቴ አንድ ነው» አለች። «የነከስኩት እጁን ብቻ ነው።»

ከኋላ የሳቀ ነበር። እሷ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የበሩን መቆለፍ አንድ በአንድ ተናገረች። ሻለቃው የግል ጉዳይሽን ወደ አብዮታዊ መድረክ አታምጪ ሲላት፣ ምስክር አለኝ ብላ ወደ ጃታኒ ዞረች። አዳራሹ በሙሉ አብሯት ዞረ።

«እኔ መኪና እጠግን ነበር» አለ ጃታኒ መሬት መሬት እያየ። «ያየሁት የለም።»

አምስት ቀን ታሰረች፤ ከዚያ በረሃ ወዳለው የተልተሌ የሬዲዮ ጣቢያ ተዛወረች። እስር ቤት ሆና አንጀቷን ያሳረራት ሻምበሉ አልነበረም። ከእሱ ምን ትጠብቃለች? ጃታኒ ግን የአባቷ ጓደኛ ነው፤ በልጅነቷ በትከሻው ተሸክሟታል። የአባቷን መርዶ ይዞ የመጣውም እሱ ነበር።

ወደ ተልተሌ የሚወስዳትም ሾፌር እሱው ሆነ። መንገድ ላይ ያለችውን አሬሮን አለፉ።

«ኢንተላ ኮ» አላት በመጨረሻ፣ ልጄ ማለቱ ነው። አራት ልጆች እንዳሉት፣ ጡረታው ሁለት ዓመት እንደቀረው፣ ከካምፑ ቤት እንዳያስወጡት ፈርቶ እንደነበር ነገራት። ይቅር እንድትለው ለመናት።

«አልልዎትም» አለች። «በረሃ መሐል ለእኔ ብቻ ቢነግሩኝ ምን ያደርግልኛል? የዋሹት አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ ዓርብ ዓርብ ይከፈታል።»

ተልተሌ ሲደርሱ ጓዟን ራሷ አውርዳ ገባች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ ነገሌ ላይ እሷን የተካችው እሙሽ የዕለቱን መልእክት አስተላልፋ ስታበቃ መስመሩን አልዘጋችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ የዓርቡን ነገረቻት። ጃታኒ ማንም ሳይጠራው ተነስቶ ያየውን ተናገረ፤ መዋሸቱንም። ሻለቃው ተቀመጥ ቢለው አልቀመጥም አለ። ሻምበሉ እሙሽንም ባትሪ ተረከቢ ማለት ጀምሮ ኖሮ፣ እሷም ተነሳች። ከወጥ ቤትም ሁለት ሴቶች ተከተሉ።

«ጋሽ ጃታኒስ?»

«ታስረዋል።»

«ሻምበሉስ?»

«ተዛወረ። ማዕረጉ እንዳለ ነው። ወደራ ከተማ ላለው ጣቢያ አለቃ አድርገውታል፤ ነገ ይገባል።»

ወለላ ለጃታኒ ስንቅ እንድትወስድለትና ከወለላ ነው እንድትለው እሙሽን አደራ አለቻት። ከዚያ ንዴቱ መጣባት። ጅቡን ካንዱ በረት አውጥተው ሌላ በረት አስገቡት፤ ይህንንም ፍርድ ይሉታል! ወደራ ሦስት ሴት የሬዲዮ ሠራተኞች እንዳሉ ታውቃለች። ያለ ትእዛዝ መስመር መክፈት እንደሚያሳስርም ታውቃለች።

ወደራን ጠራች። የማታውቃት ልጅ መለሰችላት። በምስጢር ቃል መነጋገር ደንብ ነበር፤ ወለላ ግን የሚሰማ ሁሉ ይስማ ብላ በግልጽ አማርኛ ተናገረች።

«ሻምበል በላይነህ የሚባል አለቃ ነገ ይመጣባችኋል። ዕቃ ግምጃ ቤት ብቻሽን ግቢ ቢልሽ እንዳትገቢ። ለጓደኞችሽም ንገሪያቸው። ሰማሽኝ?»



«ሰምቻለሁ። የተናጋሪውን ስም መዝገብ ላይ ልጻፈው?»

«ጻፊው» አለች ወለላ፤ ሙሉ ስሟን ከነማዕረጓ ቀስ እያለች አስጻፈቻት።