ከፎጣው ሥር

እኔ ሱሀይር ስናደድ አፌ አያርፍም፤ ስፈራ ግን ዲዳ ነኝ። ያን ሰሞን ደግሞ ፈርቼ ነበር። ሙስአብ እቤታችን ሽማግሌ የሚልክበት እሑድ ደርሷል፣ እኔ በሽታ ይዞኛል ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ነገሩ ፓንቴ ነው። ምን ላድርግ፣ ስሙ ይኸው ነው! እርጥብ ይሆናል። አንዳንድ ሰሞን ነጭና ወፈር ያለ፣ አንዳንዴ እንደ ጥሬ እንቁላል ውሃ የሚሳብ። ይባስ ብሎ ጥቁሩ ፓንቴ እዚያችው ቦታ ላይ ቀለሙ ተበልቶ ቡኒ ሆነ። ጨርቅ የሚበላ ነገር ከሰውነቴ እየወጣ ነው እንዴ ሰው የማገባው? ወንድ አላውቅ! ከመርካቶ የጋራ ሽንት ቤት ነው የያዘኝ አልኩና ቁስል የሚታጠብበትን መድኃኒት ገዝቼ፣ በውሃ እየበጠበጥኩ ጠዋት ማታ እታጠብበት ጀመር። ከዚያ ማቃጠልና ማሳከክ መጣ። አለቀልኝ አልኩ፣ ወላሂ።

ማንን ልጠይቅ? እናቴን? እናቴ የውስጥ ልብሷን ገመድ ላይ ስታሰጣ እንኳ ፎጣ ደርባበት ነው። እኔንም ያስለመደችኝ እንደዚያው ነው፤ በግቢያችን የሴት ፓንት ፀሐይ አይቶ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ለሙስአብ ደወልኩና «ሽማግሌዎቹ እሑድ እንዳይመጡ» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ?»

ምን ልበለው! «ምንም» ብዬ ዘጋሁበት። ከዚያ ሱቅ ገብቼ ካርቶን ተደግፌ አለቀስኩ። እወደዋለሁ እኮ።

የምሠራበት ሱቅ መሳለሚያ አጠገብ ነው። ባለቤቷ እትዬ ሐመልማል የሴት የውስጥ ልብስ በጅምላ ያከፋፍላሉ። ዕንባዬን ጠርጌ ሳልጨርስ እትዬ ሠርኬ መጡ፤ ከእኛ እየወሰዱ አውቶቡስ ተራ የሚቸረችሩ ደንበኛ ናቸው። ጥቁር ፌስታል ባንኮኒው ላይ ወረወሩ።

«ዕቃሽ ቀለም ይለቃል፣ ሐመልማል! ሰው ፊት አዋረድሽኝ!»

እትዬ ሐመልማል ፌስታሉን ከፈት አድርገው አዩ። «የማን ነው?»

«የራሴ ነው፤ ታጥቧል። ደንበኞቼም እንደዚሁ እያሉኝ ነው።»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። ያቺው ቡኒ ቦታ! ወይኔ፣ እትዬ ሠርኬንም ይዟቸዋል አልኩ።

«ወገቡ ለቋል?» አሉ እትዬ ሐመልማል፣ ድምፃቸው እየጨመረ። «ዳሌውስ? እዚያች ቦታ ብቻ አይደል? እንግዲያው ቀለሙን የበላው የገዛ ጤናሽ ነው! የሴት ፈሳሽ ኮምጠጥ ያለ ነው፣ ጥቁር ጨርቅ ያነጣል። በዚህ ስንት ዘመን ስጨቃጨቅ ኖርኩ! የእኔንስ ላሳይሽ?»

«ኧረ በማርያም ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! ሴት ሁሉ አለባት!»

አንድ ተሸካሚ ጆንያውን እንደያዘ ቆሞ ዞሮ አየን። እትዬ ሠርኬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ ቆዩና ዋጋ አስቀንሰው ሌላ ዕቃ ወስደው ሄዱ። እኔ ስንት ወር ሙሉ ነገሩን የሚያውቁ ሴትዮ አጠገብ ተቀምጬ ነው የምቃጠለው!

«እትዬ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ሲያሳክክስ?»

ዞር ብለው አዩኝ። ጩኸታቸው ጠፋ። «ምን አድርገሻል፣ ልጄ?»

ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። ሱቁን ዘግተው እዚያው ሰፈር ካለ ክሊኒክ ይዘውኝ ገቡ። ሲስተሯ መረመረችኝ፣ ላብራቶሪም ላከችኝ፤ ውጤቱ እስኪመጣ እትዬ ሐመልማል እጄን አልለቀቁም።

«ኢንፌክሽን የለብሽም። ያቃጠለሽ መድኃኒቱ ነው» አለች ሲስተሯ። «ውስጡ ራሱን ያጸዳል፤ ከውጭ ንጹህ ውሃ ይበቃዋል።»

«ታዲያ ለምን ይለዋወጣል?»

ምንም ሳታፍር አስረዳችኝ። የወር አበባ እንዳለቀ ደረቅ ይላል፤ ከዚያ ነጭና ወፈር ያለው ይመጣል። በወሩ መሃል እንቁላል ሊወጣ ሲል ይቀጥናል፣ ይበዛል፤ ያ እንደ እንቁላል ውሃ የሚሳበው እሱ ነው። ካለፈ በኋላ መልሶ ይወፍርና ይቀንሳል። «የሚያሳክክሽ፣ መጥፎ ሽታ ያለው፣ አረንጓዴ የሆነ፣ ወይም እንደ አይብ የተፈረፈረ ከሆነ፣ ወይም ሆድሽን ካመመሽ ቶሎ ነይ። ራስሽን ግን አታክሚ፣ እሺ?»

እሺ አልኩ። ወጥቼ መንገድ ላይ ቆሜ ለሙስአብ ደወልኩ።

«ደግሞ ምን ልትይኝ ነው?» አለ።

«እሑድ ይምጡ። የታመምኩ መስሎኝ ነበር።»

«ብትታመሚስ? በሕመም ሽማግሌ ይመለሳል? አብረን አንታከምም ነበር?» ብሎ ጮኸብኝ። ሰው ሲጮህብኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቤት ስደርስ ደስታዬ ወደ ንዴት ዞሮ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ማንም አልነገረኝም? ገመዱ ላይ ያው ፎጣ ተሰጥቷል። ሄጄ ገለጥኩት። የእናቴ ጥቁር ፓንት፤ እዚያችው ቦታ ላይ ቡኒ።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ! ሸፍኚው!» እናቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

«አልሸፍንም! ይሄ የጤና መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም? ሞትኩ እኮ በፍርሃት!» እጇን ይዤ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ የቡኒውን ነገር፣ ሲስተሯ ያለችውን፣ ሙስአብን ልመልሰው እንደነበር።

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ጎረቤት በር አየት አደረገች፣ ከዚያ ጆሮዬ ጋ ተጠጋች።

«በሽታ አይደለም እንዴ?»

«እማዬ?»

«አባትሽን ካገባሁ ጀምሮ በጨው ውሃ ነው የምታጠበው» አለችኝ። «ይነግረኛል ብዬ የማስበው ሰው አልነበረኝም።»

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። «አይደለም፣ እማዬ፣ በሽታ አይደለም» እያልኩ አቀፍኳት፤ እሷ ግን ደግማ ደግማ ትጠይቀኛለች።