ሸክላ ሠርታ መጣች

እኔ ስሜነሽ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ቆሰበር ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሱሪ ለማሳጠር ሰጥቶኝ፣ ዞር ብሎ ሳይጨርስ መጥቶ «ገና ነው እንዴ?» የሚለኝን ሰው መቀሴን ይዤ ነው የማየው። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ ሸክላ ማጫወቻ ፊት ትንፋሼን ይዤ የሰነበትሁት። ለአክስቴ ባይሆን ኖሮ በመስኮት ወርውሬው ነበር።

ያሳደገችኝ አክስቴ ውብአየሁ ናት። በወጣትነቷ፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ አዲስ አበባ አጎቷ ዘንድ ትማር ነበር። እዚያ ሳለች አንድ የሙዚቃ ባንድ ድምፅሽ ያምራል ብሎ ወሰዳትና አንድ ዘፈን በሸክላ አስቀረጸች። ክረምት ላይ ወደ አገሯ ስትመለስ ደስታዋ በሆዷ አልያዝ አላት። ያገኘችውን ሰው ሁሉ «ሸክላ ሠርቼ መጣሁ» ትለው ጀመር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ።

የዘፈን ሸክላ የሚያውቀው ስንት ሰው ነበር? ለአገሩ ሰው ሸክላ እንስራ ነው፣ ማሰሮ ነው። ሸክላ ሠሪ ደግሞ ቡዳ ናት እየተባለች ገበያ ላይ ዕቃዋን እንጂ እጇን የማይነኳት ሴት ናት። ያን ጊዜ አክስቴ ለአንድ የአዘና አገር ልጅ ታጭታ ነበር። የልጁ አባት ወሬው ደረሰው። «ለካ ዘሯን ደብቀውናል፤ ልጅቱ አዲስ አበባ ሸክላ ስትሠራ ነው የከረመችው» ብሎ ሽማግሌ ላከና እጮኝነቱን አፈረሰው። አክስቴ ሸክላው የዘፈን ነው ብላ ማለች። አሳዪን አሏት። በእጇ አልነበረም፤ ታትሞ ሳይወጣ ነበር የመጣችው። ከዚያም ዘመኑ ተገለበጠ፣ ባንዱ ተበተነ፣ አክስቴም ወደ አዲስ አበባ ሳትመለስ ቀረች። ባልም አላገባች። ሰው የሸሻትን ያህል እሷም ሰው ሸሸች፤ ወዳጇ ሸክላ ሠሪዋ ምህረቴ ብቻ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ አጠገቧ ትቀመጣለች። «ስሙን ካወጡልኝ ወንበሩንም ልያዘው» ትል ነበር እየሳቀች። አምና ምህረቴ ስታርፍ ለቀብሯ የወጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ አክስቴ ግን መቃብሩ አፍ ላይ ቆማ አለቀሰች።

ያ የአዘና ልጅ ዛሬ ጋሽ ይሄነው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቆሰበር ልጃቸው ቤት ነው ያሉት። በልብስ ስፌት ቤቴ በር ላይ በከዘራቸው መሬት እየመቱ ቤተ ክርስቲያን ይመላለሳሉ። አንቱ የምላቸው ለዕድሜያቸው ነው እንጂ እኔስ ሌላ የምላቸው ነበረኝ።

አክስቴ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው። «ያ ሸክላ ተገኝቶ ይሄነው በጆሮው ይስማው። ሌላ ሰው ባይሰማው ግዴለኝም» ትለኝ ነበር። እኔም የዳንግላውን የጨርቅ ነጋዴ ዓብዱልሀሚድን ይዤ አስጨነቅሁት። መርካቶ ዕቃ ሊያመጣ በወረደ ቁጥር የባንዱን ስም እያስታወስሁ «ጠይቅልኝ» እለዋለሁ። «አንቺ ሴት፣ ከጨርቅ ነጋዴነት አውጥተሽ አዝማሪ ልታደርጊኝ ነው» ይለኛል። በመጨረሻ አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ጋ አገኘው። መንገድ ተዘግቶ ሲከፈት፣ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ቆይቶ ቆይቶ ሸክላዋ ከነማጫወቻዋ መጣች። ማጫወቻው የሻንጣ ዓይነት ነው፤ ክዳኑን ስትከፍተው ድምፅ ማውጫው እዚያው አለ።

ሸክላዋ ትንሽ ናት፤ መሃሏ ላይ ሰፊ ቀዳዳ አላት። መሃሏ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የባንዱ ስምና አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ የአክስቴ ስም የለም። ዓብዱልሀሚድ መለማመጃ ይሁንሽ ብሎ አንድ ትልቅ ሸክላም ጨምሮልኛል፤ ዘፋኝ የሌለበት፣ የመሣሪያ ብቻ። «ሻጩ ምን አለኝ መሰለሽ፣ ያልለመደ እጅ መርፌውን ጥሎ ሸክላውን ይቧጥጠዋል» አለኝ። ይህን ስሰማ ትንሿን በነጠላ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁባት። ሌላ የት ይገኛል?

ትምህርቴን በትልቁ ጀመርሁ። ማጫወቻው ካልተስተካከለ መርፌው እየተንሸራተተ ይሄዳል። ስለዚህ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጬበት፣ ውሃው ያዘነበለበትን እግር በታጠፈ ካኪ ደገፍሁት። ፊቱን በጣት መንካት የለም፤ ጠርዝና ጠርዙን በመዳፍ ነው የሚያዘው። አቧራውን በከፋይ ቁራጭ አነሳለሁ፤ እንደ ዙሩ እንጂ እያቋረጥሁ አይደለም። ለትንሿ ሰፊ ቀዳዳ ደግሞ ከእንጨት የክር ማጠንጠኛ ቆርጬ መሰኪያ ሠራሁላት። መርፌውን የያዘውን ክንድ ማውረድ ነው ያስቸገረኝ። ዕድሜዬን ከመርፌ ጋር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ግን የእኔ መርፌ ወግታ ነው የምትሠራ፣ ይቺኛዋ ሳትወጋ። መጀመሪያ ላይ ደህና አድርጌ ተሳደብሁ። እያደር ግን ገባኝ። ቀስ ብለሽ ካወረድሽው መጀመሪያ እሳት ላይ ጣል እንዳደረጉት ጨው ይንጣጣል፤ ከዚያ ሙዚቃው ይመጣል። ያቺን ጊዜ ወደድኋት። እኔ፣ መጠበቅ የማልችለው፣ ለእሷ ስል መጠበቅ ተማርሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሽ ይሄነውን በር ላይ ጠብቄ አስገባኋቸው። አክስቴ ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች። «መጨረሻው ላይ እናቴን በአዊኛ ስሚኝ እላታለሁ» አለቻቸው። «ያንን ስትሰማ ታውቀኛለህ።» እሳቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ትንሿን ሸክላ አስቀመጥሁ፤ ጠርዟን ይዤ፣ ጠርጌ፣ እንደተማርሁት። ክንዱንም አወረድሁ።

የወጣው የወንድ ድምፅ ነው። ጎርናና፣ እየተጎተተ፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው። መጨረሻው ላይ አንድ ማጉረምረም ነበር፤ አዊኛም አማርኛም አይደለም። ጋሽ ይሄነው ወለሉን እያዩ፣ «ጥሩ ዘፈን ነው» አሉ በትሕትና። ተነሥተው በጥድፊያ ወጡ፤ ከዘራቸውን እንኳ ግድግዳው ላይ ረስተውታል።

እኔ መብራት ኃይልን ረገምሁ። መብራት ሲደክም የስፌት መኪናዬም እንዲህ ይጎተታል፤ ሌላ ምክንያት አልታየኝም። አክስቴ ግን ራት አልበላችም። ሲነጋ ምን አለችኝ?

«ስሜነሽ፣ ምናልባት እኔ አልነበርሁ ይሆናል። ምናልባት ተመኝቼው ኖሮ ይሆናል የሠራሁት የመሰለኝ።»

ሃምሳ ዓመት ሰው ሁሉ ውሸታም ሲላት አንድ ቀን ራሷን ያልተጠራጠረች ሴት፣ በእኔ እጅ ተጠራጠረች። ከሱቅ ወጥታ ጓሮ ገባች። እኔ መብራቱን ፈተሽሁ፤ አምፖሉ ደህና ነው፣ የስፌት መኪናዬም ይሮጣል። ሸክላዋን ልጠቀልላት አንሥቼ ወረቀቷን ሳይ፣ ጠርዙ ላይ 45 ይላል። እስካሁን የዘፈኑ ቁጥር መስሎኝ ነበር። 45 የሚል ነገር ሌላ ቦታ አይቻለሁ አልሁ ለራሴ። ማጫወቻው ጎን አንዲት ትንሽ መቀየሪያ አለች፤ በአንድ በኩል 33፣ በሌላው 45። ስንት ቀን አቧራዋን ጠርጌላታለሁ። ትልቁ ሸክላ በ33 ደህና ስለሄደልኝ ነክቻት አላውቅም። ለካ ትንሿ ፈጠን ብላ ነው የምትዞረው። እንዳትበላሽብኝ ብዬ አንድ ቀን እንኳ ሳልሞክራት፣ በጥንቃቄዬ አክስቴን አዋረድኋት።

መቀየሪያዋን ገፋሁና መርፌውን አወረድሁ።

ልጅ እግር ሴት ዘፈነች። ጥርት ያለ፣ ደፋር፣ ገና ምንም ያልደረሰበት ድምፅ። አክስቴ ከጓሮ መጣች፤ እጇ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ አለ። በሩ ላይ ቆመች። መጨረሻው ላይ ያቺ ልጅ መሣሪያው ሳያልቅ እናቷን በስሟ ጠርታ በአዊኛ ስሚኝ አለቻት። አክስቴ የተከመረው ጨርቅ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። አለቀስሁ፤ አላፍርበትም።

«ከመጀመሪያው አድርጊው» አለችኝ። አደረግሁት። ዘፈኑ እኩሌታው ላይ ሲደርስ በሩ ላይ ጥላ አየሁ። ጋሽ ይሄነው ከዘራቸውን ሊወስዱ መጥተው እዚያው ቀርተዋል። ቆባቸውን አውልቀዋል። ስሚኝ የሚለው ሲመጣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እናቷን ያውቋቸው ነበር።

መርፌው ጫፍ ደርሶ ይንኳኳ ጀመር። ክንዱን አነሣሁ።

«ይቅር በይኝ ውብአየሁ» አሉ። «በነገሩ የለሽበትም ነበር። ለካ ሸክላ ሠሪ አልነበርሽም።»

እኔ እፎይ ልል ነበር። ዕድሜ ልኳን የጠበቀችው ቃል ነው፤ ተባለላት። አክስቴ ግን የሽንኩርቱን ልጣጭ ከጣቷ ላይ አነሣች። ጥግ ላይ ያለውን እንስራ አየችው፤ ምህረቴ የሠራችላት ነው።

«ብሆንስ ኖሮ?» አለች።

ጋሽ ይሄነው አልገባቸውም። ደግማ ጠየቀቻቸው፣ በቀስታ፣ ያለ ቁጣ። «ሸክላ ሠሪ ብሆን ኖሮስ ይሄነው? ያኔ ልክ ነበራችሁ?»

እሳቸው ወደ ሸክላዋ አዩ፤ መዞሯን አላቆመችም። ቀጥሎ ወደ እንስራው አዩ። «እሱንስ አስቤው አላውቅም» አሉ በመጨረሻ፤ ቆባቸውን አድርገው ቀስ እያሉ ወጡ።

ከዘራው እንደገና ግድግዳው ላይ ቀርቷል። አንሥቼ ልከተላቸው ስል አክስቴ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ተይው» አለች። «መልሱን ይዞ ሲመጣ ይወስደዋል።»