በእትዬ ስም የተላከው አክታ

በሥራ ቤቴ ስሜ «መስኮት» ነው። የቲቢ ክፍል ነርስ ነኝ፤ ገና ከበሩ ስገባ «መስኮት ክፈቱ!» እያልኩ ስለምጮህ ያወጡልኝ ነው። ማስኩን አላልቶ ያደረገ ሰው ካየሁ ሐኪምም ቢሆን አልምርም። አምና አንዲት ወጣት ነርስ እዚሁ ሥራ ላይ በሽታው ሲይዛት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ማስክሽን በሥርዓቱ ብታደርጊ ኖሮ አይይዝሽም ነበር» አልኳት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔ ትልቅ ትምህርት የሰጠሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

የማላወራው ነገር ነበረኝ። መዝገብ ስሞላ ትንፋሼ መነጽሬን እያደበዘዘ ስለሚያስቸግረኝ ማስኬን ወደ አገጬ አወርደዋለሁ። አንድ ገጽ ብቻ፣ ሁለት ገጽ ብቻ እያልኩ ስንት ዓመት ሞላኝ። በሽተኛው ደግሞ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይስላል።

ሳሉ ሲጀምረኝ «ብርድ ነው» አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት «አቧራው ነው» አልኩ። ጠዋት ጠዋት ትራሴን በላብ ርሶ ሳገኘው ግን ማንን ልዋሽ? ይህን ምልክት ለስንቱ በጣቴ እየቆጠርኩ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

የሠራተኞች ዓመታዊ ምርመራ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። አክታውን የምሰበስበው፣ ዕቃው ላይ ስም የምለጥፈውና ወደ ላቦራቶሪ የምወስደው እኔ ነበርኩ። የክፍላችን ጽዳት ሠራተኛ እትዬ የእሳቸውን ሲሰጡኝ «ይኸው ልጄ፣ ምራቅ እንጂ አክታ ከየት ላምጣልሽ» ብለው ሳቁ። ጉንፋን እንኳ ሲይዛቸው አይቼ አላውቅም። እሳቸው ሲወጡ በእሳቸው ስም የእኔን፣ በእኔ ስም የእሳቸውን ለጠፍኩ። ነጻ ከሆንኩ ማንም አይጎዳም፤ ካልሆነም በጊዜ እናገራለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ውጤቱ የመጣው እኔ ዕረፍት በወጣሁ ቀን ነው። በማግስቱ ስገባ ዶክተሩ ለእትዬ ነግሯቸው ጨርሷል፤ «ቲቢ አለብዎት» ብሏቸዋል። በእኔ ስም የመጣው ወረቀት ነጻ ነሽ ይላል። ሻይ ክፍል ውስጥ የእትዬ ኩባያ ከሌሎቹ ተለይታ ለብቻዋ ተቀምጣለች። እሳቸው ኮሪደሩ ላይ፣ ከእኔ ራቅ ብለው፣ ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቁኛል።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሉ። «ያ ሳልሽ ከእኔ ሳይሆን አይቀርም። አስይዤሽ ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ቤት እንዴት ነው?» አልኩ።

«ልጄ አራስ ናት፣ እኔው ጋ ናት። ትናንትና ቤቱን ለቀቅኩላት። ጎረቤቶች ዕቃ ቤታቸው ውስጥ ፍራሽ ዘርግተውልኛል። ሕፃኑን ዛሬ በመስኮት አሳየችኝ።»

ያን ቀን ሦስት ጊዜ ዶክተሩ በር ድረስ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። አምና የታመመችው ወጣት ነርስ፣ ድና ሥራ ላይ ነች፣ በሩ አጠገብ ካርድ ትደረድራለች። «ምን ፈለግሽ?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የፈራሁት እሷን ነበር።

በማግስቱ እትዬ መድኃኒት ሊጀምሩ መጡ። በክፍላችን ደንብ በሽተኛ ኪኒኑን ነርስ እያየችው ይውጣል፤ ከዚያ አፉን ከፍቶ ያሳያል። ነርሷ እኔ ነኝ። እትዬ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው በበረኪና የተሰነጣጠቀ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ኪኒኖቹን አስቀመጥኩላቸው። ውሃውን አነሱ።

«ተዉት! አይዋጡት!» አልኩ። «በሽታው የእኔ ነው። ስሙን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው፣ እትዬ።»

ውሃውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ በቀለለኝ።

«ሁለት ቀን» አሉ። «ሁለት ቀን ሙሉ ያን ሕፃን አልታቀፍኩትም።»

ኪኒኖቹን መዳፌ ላይ መለሱልኝና ተነሥተው ወደ ዶክተሩ ክፍል ቀደሙ። ተከተልኳቸው። ሁሉንም ስናገር ወጣቷ ነርስ እዚያው ነበረች። «ብታደርጊ ኖሮ» አላለችኝም። የባሰብኝ እሱ ነው።

ሁለታችንም እንደገና ተመረመርን። እትዬ ነጻ ሆነው ወደ ልጃቸው ተመለሱ። እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬን ፈርሜ ተቀበልኩ። ዶክተሩ «ኪኒኑን ስትውጪ ማን ይከታተልሽ?» ሲለኝ የማንንም ስም ለመጥራት አፈርኩ።

«እኔ» አሉ እትዬ ከበሩ።

መድኃኒቱን ከጀመርኩ ይኸው አምስተኛ ወር ያዝኩ። በየጠዋቱ መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ፊቴ ይቆማሉ። አንድም ቀን አልቀሩም፣ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ውጬ ስጨርስ «አፍሽን ክፈቺ፣ ሲስተር» ይላሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም።