አሥራ ሦስት ጀሪካን

ሰውዬው ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ። ሌላ ቃል የለውም። የሸጠው ፎም የጀልባ ጠጋኟን ወንድም ውሃ ውስጥ ካስቀረው ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ለቅሶ ሲደርስ ከዘመድ በላይ ጮኾ ያለቀሰው ሰው ዛሬ ደግሞ አሮጌ ጀልባውን በተጎታች ጭኖ እሷው ደጃፍ ላይ ገተራት። ሱቁን ለልጁ አስረክቦ ዓሣ እያጠመደ ሊያርፍ እንደሆነ ነገራት። ወለሏ በስብሷል፣ ከሥር ያለው ፎም አልቋል፣ እንዳንቺ የሚያውቅበት በዚህ ወደብ የለም አላት። ይህን እንኳ አልዋሸም፤ ጀልባ በመጠገን የሚስተካከላት አልነበረም።

የወደቡ ሰው «ጋሽ ቡሽ» ይለዋል። የቱም ነገር ቢገለበጥ እሱ ከላይ ነዋ! ቀለሙን፣ ሙጫውን፣ ፋይበሩን፣ ፎሙን የሚሸጠው እሱ ስለሆነ የእሱ እቃ የሌለበት ጀልባ የለም፤ ፊት ለፊት የሚናገረውም የለም። ጠጋኟ ጥርሷን ነክሳ «ያስገቧት ጋሼ» አለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እሱ ረስቶታል፤ ወይም እሷ የረሳች መስሎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሽ ጀልባ ውሃ ቢሞላባት እንኳ መስጠም የለባትም። ከወለሏ ሥርና በጎንና ጎኗ የሚታሸገው ፎም አንሳፍፎ ያቆያታል፤ ሰው ጠርዟን ጨብጦ እርዳታ ይጠብቃል። የወንድሟ ጀልባ ግን ማዕበል የሞላት ጊዜ እንደ ድንጋይ ነው የወረደችው። ዳር ሆነው ያዩ ሰዎች እስከ አሥር እንኳ አልቆጠርንም ብለዋል። ወንድሟ ጭነት አመላላሽ እንጂ ጠጋኝ አልነበረም። ፎሙን ከጋሽ ቡሽ ሱቅ በጥቁር ላስቲክ እንደተጠቀለለ ገዝቶ ራሱ ያስገባው እሷ ሌላ ወደብ ሥራ ላይ በነበረችበት ዓመት ነው። ያን ዓመት ዛሬም ድረስ ትረግመዋለች።

ጀልባዋ በሳምንቷ ተጎትታ ስትወጣ ወለሉን በገዛ እጇ ቀደደችው። ከላስቲኩ ውስጥ የወጣው ነጩ፣ ፍርፍር የሚለው፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ፎም ነበር። ስታነሳው ከብዷል፤ ስትጫነው ውሃው በክንዷ ላይ ወረደ። ተሸክማ አደጋውን ለሚያጣሩት መርማሪዎች ወሰደችላቸው። እነሱም ሳምንት ውሃ ውስጥ የከረመ ነገር ባይረጥብ ነው የሚገርመው አሏት። ጋሽ ቡሽ ደግሞ እኔ የሸጥኩለት ደንበኛውን ፎም ነው፣ የለወጠ ካለ እሱ ነው፣ ደግሞም ከልክ በላይ ይጭን ነበር ብሎ መሰከረ። መዝገቡ በዚያው ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሟ በሰው አፍ ስግብግብ ሆኖ ቀረ። «ስስት የገደለው» ይሉታል። ሚስቱ በወደቡ ባለፈች ቁጥር ከኋላዋ ይንሾካሾኩባታል፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ሆድ ይፍጀው ብላ ታልፋለች። ጠጋኟ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ካሣ አይደለም፣ እስርም አይደለም። ያ ሰው ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በገዛ አፉ፣ አውቄ ነው የሸጥኩት እንዲል ነው። ያን ርጥብ ፎም ግን ልትጥለው አልሆነላትም፤ በበርሜል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ድንጋይ ጭናበት፣ በመጠገኛ ቤቷ ጥግ አስቀመጠችው።

የጋሽ ቡሽን ጀልባ ወለል አንስታ የበሰበሰውን ጠርጋ ካወጣች በኋላ ፎሙ ስንት እንደሚያስፈልጋት ማስላት ጀመረች። ሌሎቹ ጠጋኞች ፎም የሚገምቱት በዓይናቸው ነው፤ ስንት ይገባል ሲሏቸው «እስኪሞላ» ይላሉ። እሷ የምትቆጥረው በጀሪካን ነው። ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን የሚያህል ፎም የራሱ ክብደት ሲነሳለት ወደ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ያንሳፍፋል። የጀልባዋ ገላ ሁለት መቶ አሥር ኪሎ ነው፤ ፋይበር ግን ውሃ ውስጥ ሲሆን ክብደቱ ወደ ሲሶው ስለሚወርድ ሰባ ብላ ያዘችው። ሞተሩ ሠላሳ፣ ባትሪውና ኮተቱ አሥር። ጋሽ ቡሽ ራሱ ሰማንያ፤ ይሄን ቦርጩን አይታ ነው የገመተችው። ድምሩ መቶ ዘጠና መጣ፤ ለክፉ ቀን ብላ ሩቡን ጨመረችበት። አሥራ ሦስት ጀሪካን። እሱም ሁሉ ከወለል ሥር አይቀበርም፤ ግማሹ ከፍ ብሎ በሁለቱ ጎኖች ይገባል፤ አለዚያ ጀልባ ውሃ ሲሞላት ሆዷን ወደ ሰማይ ትሰጣለች። ሒሳቡን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፈችው።

በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ሥራውን ሊያይ መጣ። ወዲያ ወዲህ ሲል ዓይኑ በርሜሉ ላይ አረፈ። ጠጋኟ አንዱን ቁራጭ አንስታ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ ከአሮጌ ጀልባ የወጣ ነው፣ የዚህ ዓይነት በርካሽ አገኛለሁ፣ ላስገባልዎት ወይ አለችው። ውሃው ጫማው ላይ ተንጠባጠበ። ጋሽ ቡሽ ሳቀ።

«ይሄንንማ እኔ ጀልባ ውስጥ እንዳታስገቢ» አላት። «ዓመት፣ ሁለት ዓመት ደህና ይመስላል፤ ከዚያ ውሃውን ይጠጣል። ስንቱን ደንበኛ በዚህ ሸኝቼዋለሁ መሰለሽ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለማን እየተናገረ እንደሆነ ትዝ ሲለው ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፤ ሳል ሳል አለው፣ ስለ ሞተሩ ሁለት ነገር ጠይቆ ውልቅ አለ። ጠጋኟ ቁራጩን በርሜሉ ውስጥ መለሰችው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ምናልባት ሳያውቅ ይሆናል የሚል አንድ ነገር ሆዷ ውስጥ ነበረ። እሱም ሞተ። ምስክር ግን አልነበራትም፤ መዶሻና መጋዝ አይመሰክሩም።

ምን አስዋሸኝ፣ ልትገድለው ፈልጋለች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ርጥቡን ፎም ከበርሜሉ እያወጣች በጀልባው ሆድ ውስጥ ደረደረችው። በልኩ ገባ። ወለሉን ከላይ መድፋት ብቻ ነበር የቀራት። ቁጭ ብላ አየችው፤ ደስም አላት። ቆየት ብላ ግን ሰውዬው ቢሞት ምን ይናገራል የሚል ሐሳብ መጣባት። ደግ ሰው በጠጋኟ ስህተት ሞተ ይባላል፤ ወንድሟ ስግብግብ እንደሆነ ይቀራል። እየተሳደበች አንድ በአንድ መልሳ አወጣችው። ከዚያ ከሌላ ወደብ ጥሩውን አስመጣች፤ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ አብጦ የሚደርቀውን፣ ውሃ የማይጠጣውን። ባንዴ ቢፈስ ግሎ ስለሚሰነጠቅ፣ በትንሽ በትንሹ እየበጠበጠች፣ አሥራ ሦስቱ ጀሪካን እስኪሞላ አፈሰሰችው። ለጠላቷ ይህን የመሰለ ሥራ መሥራቷ ሲያናድዳት ዋለ።

በዚያ ወደብ «ማጥገብ» የሚሉት ልማድ አለ። የተጠገነች ጀልባ ባለቤቷ ሳይረከባት በፊት ከእንጨቱ መድረክ ጋር በገመድ ታስራ ጥልቁ ላይ ትቆማለች፤ ባለቤቱ መሐሏ ይቀመጣል፤ ከዚያ በፓምፕ ውሃ እስከ አፏ ትጠግባለች። ባለቤቱ መንሳፈፊያ ጃኬት አያደርግም፤ ያደረገ እንደሆነ ጠጋኙን አላመነም ማለት ነው፣ መሳቂያ ይሆናል። የወንድሟም ጀልባ በጊዜው ጠግባ ተንሳፍፋለች፤ አዲስ ፎም ምን አለበት። ጋሽ ቡሽን ያመኑትም ለዚህ ነው።

በማጥገቡ ቀን ሰው ግጥም ብሎ ወጣ። ጋሽ ቡሽ ሲጠግብ ማየት የማይፈልግ ማን አለ? ጠጋኟ የወንድሟን ሚስት አስጠርታ ከፊት አቆመቻት፤ ለምን እንደሆነ አልነገረቻትም። ሰውዬው ሱሪውን ጠቅልሎ፣ እየቀለደ፣ መሐል ተቀመጠ። ዋና እንደማይችል ሁሉም ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ዳር የኖረ ነጋዴ ነው። ፓምፑ ተነሳ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደረሰ፣ ጉልበቱ ላይ ደረሰ፣ ጀልባዋ ዝቅ አለች። ጠጋኟ ያኔ ፓምፑን አጠፋችና ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ጋሼ፣ የተቀመጡበት ፎም ያ በርሜል ውስጥ ያዩት ነው። ከወንድሜ ጀልባ ያወጣሁት።»

መልሳ ፓምፑን አስነሳችው።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ዙሪያውን አየ። ማንም አልሳቀም። ውሃው ጭኑን ሲያለብሰው ፊቱ አመድ መሰለ። ገመዱን ሳቡልኝ አለ፤ ማንም አልነቃነቀውም። አይሸከመኝም፣ ያ ፎም ውሃ ጠጥቷል አለ። ጠጋኟ ድምጿን ሳትጨምር፣ ደንበኛው ፎም ነው ብለው አልነበር ወይ የመሰከሩት ስትል ጠየቀችው። ውሃው ወገቡን ያዘው፤ የጀልባዋ ጠርዝ ከሐይቁ ጋር እኩል ሆነ።

«ደንበኛው አይደለም! የካርቶን ነው፤ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አውቅ ነበር። ለመርማሪዎቹም ዋሽቻለሁ። በእናትሽ ሳቢኝ!»

ጠጋኟ ፓምፑን አጠፋች። «ስስት የገደለው» ሲሉ የከረሙት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ፤ አንዱ ዓሣ አጥማጅ ቆቡን አውልቆ ወደ ወንድሟ ሚስት ዞረ።

«አይዞዎት፣ አይሰጥሙም» አለች ጠጋኟ። «ከሥርዎ ያለው ጥሩው ፎም ነው።»

እውነቷን ነበር። ጀልባዋ ውሃ ጢም ብላ ሞልታ፣ እሱ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ፣ ወዲህም ወዲያም ሳትል ቀጥ ብላ ቆማለች። ጠጋኟ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ መረራት። ወንድሟን መሸከም የነበረበት ነገር ይሄንን ሰው ተሸክሞ አየች። እንባዋን ልትመልሰው አልሞከረችም።

የወንድሟ ሚስት ገመዱ ወደታሰረበት ብረት ሄደች። ሁሉም ልትጎትተው መሰለው፤ እሱም እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ቋጠሮውን ፈትሻ ጠበቅ አደረገችውና መድረኩ ጠርዝ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።

«ጀልባዋ እንደሆነች አትሰጥምም» አለችው። «ጊዜ አለን። በል፣ ባሌ ሱቅህ ከገባበት ቀን ጀምረህ ንገረኝ።»