የመኪናዋ ግምት

«አባባ፣ ይህ ዋጋ እኮ እንደ መኪናዎ ያሉ ሁለት መኪኖች ይገዛል» አለች የኢንሹራንስ ሠራተኛዋ፣ ጡረተኛው የሂሳብ መምህር የጻፉትን ግምት በእስክሪብቶዋ ነካ እያደረገች።

«ይገዛ ይሆናል። እሷን ግን አይገዛም» አሉ መምህሩ።

ነርስ የሆነችው ልጃቸው አንገቷን ደፋች። ዋጋ ስታወዳድር ሰንብታ እዚህ ያመጣቻቸው እሷ ናት። በሄደችበት ሁሉ ጥያቄው ያው ነበር፤ መኪናዋ ስንት ታወጣለች፣ ምን ያህል አርጅታለች፣ አደጋ አድርሳ ታውቃለች ወይ፣ ማን ይነዳታል። የመጨረሻዋን ጥያቄ ለአባቷ ለማንሳት አፏ አልታዘዝ ብሏታል። የዓይን ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ እንዳይዙ ከልክሏቸዋል፤ ወይ እሷ ትነዳለች፣ ወይ መኪናዋ ትሸጣለች።

«ግምቱ ከፍ ሲል በየዓመቱ የሚከፍሉት አረቦንም ከፍ ይላል» አለች ሠራተኛዋ። «አደጋ ቢደርስ ግን የምንከፍለው የገበያ ዋጋዋን ነው። ትርፉን በከንቱ ነው የሚከፍሉት።»

«አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ሂሳብ አስተምረህ?»

«ሂሳቡማ አልጠፋኝም። የገመተቻት እናትሽ ናት።»

መኪናዋ ግቢ የገባች ዕለት ሚስታቸው ዙሪያዋን ዞረው አይተው፣ «ከዚህ በታች ቢሰጡህ እንዳትሸጣት» ብለው ሰማይ የነካ ዋጋ ጠርተው ነበር። ለቀልድ ነበር፤ መምህሩ ግን በየዓመቱ ያንኑ ይጽፋሉ። ከዚያ ወዲያ ጋቢናው የሚስታቸው ሆነ። መብራት በያዛቸው ቁጥር የብርቱካን ፍልቃቂ ያጎርሷቸው ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ እዚያ የተቀመጠ ሰው የለም። ልጅቷ እንኳ ከኋላ ስለምትቀመጥ፣ ጎረቤቱ «መምህር ታክሲ ጀመሩ» እያለ ይቀልዳል። መምህሩ አብረው ይስቃሉ፤ ሚስታቸው ግን ሁልጊዜ ይናፍቋቸዋል፣ መሪ ሲይዙ ደግሞ ይብስባቸዋል።

«እሺ፣ ግምቱን ዝቅ አድርጊው» አሉ በመጨረሻ። «ባለቤቴ ብትሰማም ትስቅብኝ ነበር።»

«የሚነዳት ማን ልበል?»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች።

«የኔ መንጃ ፈቃድ ገና አዲስ ነው፣ አባዬ። እኔ ከተጻፍኩ አረቦኑ ይጨምራል። ካልሆነ እንሸጣታለን።»

«ማን ትሸጥ አለ?» ወደ ሠራተኛዋ ዞሩ። «ልጄን ጻፊያት።»

ውጭ ሲወጡ እግራቸው እንደ ልማዱ ወደ መሪው በኩል ወሰዳቸው። በሩን ከፍተው ጥቂት ቆሙና ቁልፉን ለልጃቸው ሰጧት። ከዚያም በመኪናዋ ፊት በኩል ዞረው ጋቢና ገቡ። ሚስታቸው አጭር ስለነበሩ ወንበሩ ወደፊት እንደተሳበ ነው፤ የመምህሩ ጉልበት ከፊት ለፊቱ ካለው መሳቢያ ጋር ተላተመ።

«ወደ ኋላ ግፋው እንጂ፣ አባዬ። ከሥሩ መያዣ አለው።»

«ተይው፣ ይበቃኛል» አሉና ጉልበታቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀበቶውን አሰሩ።