ገመዱ ላይ ያልተጣለው ጋቢ

አዛናውን መሬት የዋጠችው በጠራራ ፀሐይ፣ አማቾቹ እያዩ ነው። ባንድ ጊዜ አልዋጠችውም። መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወሰደችው፤ ከዚያ ቆም አለችና እስከ ጉልበቱ፣ አሁንም ቆም አለችና ወደ ላይ ቀጠለች።

እንዲህ ያለ ነገር በፎገራ ሜዳ ከዚያ በፊት ተሰምቶ አያውቅም። “ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ” የማይል ሰው ግን የለም። የሰው ዕቃ የሰበረ ይላል። ለቅሶ ቤት ሳቅ ያመለጠው ይላል። የአበ ልጁ ስም ጠፍቶት በሌላ ስም የጠራውም ይላል። መሬት ይህን ሁሉ ስትሰማ እንዳልሰማች ታልፈው ነበር፤ የአዛናውን ግን ሰማች። የሱን ለምን እንደ መረጠች የጠየቃት የለም።

አዛናው ሥራው የተያዘ መኪና ማውጣት ነው። የሜዳው ጥቁር አፈር ዝናብ ከነካው መኪና ይይዛል፤ ከያዘ ደግሞ አይለቅም። ያን ጊዜ አዛናው ይጠራል። አሮጌ የጭነት መኪናውን ደረቅ መሬት ላይ ያቆምና ለጎማው ታኮ ያደርጋል። ከፊት ከታሰረው ዊንች የብረት ገመዱን ይዘረጋል፣ መንጠቆውን ከተያዘው መኪና ጋር ያያይዛል፣ ዊንቹም ገመዱን ቀስ እያለ ይጠቀልላል። መጎተቱ ቀላል ነው፤ የሚያደክመው ለማየት የተሰበሰበውን ሰው ማራቁ ነው።

የተወጠረ የብረት ገመድ ከተበጠሰ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ስለዚህ አዛናው ገመዱ መሀል ላይ ሁልጊዜ ጋቢ ይጥል ነበር። ገመዱ ቢበጠስ የጋቢው ክብደት ይዞት መሬት ይወርዳል፤ ሰው ዘንድ አይደርስም። አንድ ጊዜ ትልልቅ ሰዎች የያዘ መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ጋቢው ከቤት እስኪመጣ አስጠበቃቸው። “ገመዱን በርዶታል እንዴ?” ብለው ሳቁበት። “አዎ” አለና ጠበቀ።

ለዚህ ሥራ የተመደበው ጭቃና ዘይት የጠጣ አሮጌ ጋቢ ነበር፤ ከወንበሩ ጀርባ አይጠፋም። በዚያ ሳምንት ግን ሚስቱ ስመኝ፣ አማቾች ሊመጡ ነው ብላ ቤቱን ስታገላብጥ እጇ መኪናው ድረስ ደረሰና ያንን ጋቢ አውጥታ ዘፈዘፈችው። የልጃቸው የእናኑ ሠርግ ቀርቦ ነበር። እናኑ በበኩሏ ጥጡን ራሷ ፈትላ፣ ሸማኔ ዘንድ አሠርታ፣ ለአባቷ አዲስ ጋቢ አልብሳዋለች። ነጭ ነው። አዛናው እሱን ለብሶ ሲቆም ገና አሁን ሰው የሆነ መሰለው።

የሙሽራው አባት አያ ዋሴ ከዘመዶቻቸው ጋር ስለ ሠርጉ ሊነጋገሩ በሚኒባስ ሲመጡ፣ ቤቱን እያዩት ጭቃው ያዛቸው። አዛናው አዲሱን ጋቢ እንደ ለበሰ በመኪናው ደረሰ። ደስ ብሎት ነበር። አማቹን ከጭቃ የማውጣት ዕድል ለማን ይገጥማል?

ታኮውን አደረገ። ገመዱን ዘረጋ። መንጠቆውን አያያዘ። ሰዎቹን ከሚኒባሱ አስወረደና፣ “አያ ዋሴ፣ እዚያች ጉብታ ላይ ቢሆኑ ይሻላል” አለ። አያ ዋሴም ሄደው ጉብታዋ ላይ ቆሙ። ከዚያ አዛናው እጁን ወደ ወንበሩ ጀርባ ሰደደ። አሮጌው ጋቢ የለም። ትከሻው ላይ ያለውን ነካ አደረገ። ጭቃውን አየ። አማቾቹን አየ።

“ላንድ ጊዜ ነው” አለ በሆዱ፤ ዊንቹንም አስነሳ።

ገመዱ ተወጠረ፣ ሚኒባሱ ነቅነቅ አለ፣ ገመዱ ተበጠሰ። የተበጠሰው ጫፍ ጉብታዋ ድረስ ሄዶ የአያ ዋሴን ቅልጥም ሰበረ። ሌላ ምንም አልነካም።

“ጋቢ ወይ ጆንያ ነገር አልጣልክበትም እንዴ?” አለ የሚኒባሱ ሾፌር። ክፋት አስቦ አይደለም፤ የሙያ ጥያቄ ነው።

“ጥዬበት ነበር” አለ አዛናው። “ተንሸራቶ ወደቀ።”

ሰው ሁሉ የአዛናውን ትከሻ አየ። ጋቢው ከሸማኔው ቤት እንደ ወጣ ነው፤ አንዲት ጠብታ ጭቃ አልነካችውም። ሰው ሁሉ ዓይኑን መልሶ መሬት መሬቱን አየ።

አዛናው ፊቱ እሳት ሆነ። እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። “ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ” አለ፣ ለራሱ፣ ቀስ ብሎ። የቆመበት ደረቅ መሬት ነበር። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ።

“ገመዱ አርጅቶ ነው እንጂ አዛናው ምን ያድርግ” አለ ከአማቾቹ አንዱ። አዛናው እስከ ጉልበቱ ገባ።

“ሰይጣን ነው። ሠርግ ሲሰማ አይወድም” አለ ሌላው። እስከ ወገቡ ገባ።

አያ ዋሴን ቃሬዛ እስኪመጣ ከሚኒባሱ የወጣ ወንበር ላይ አስተኝተዋቸው ነበር። ላብ በላብ ሆነዋል። ቀና ብለው አዛናውን አዩትና፣ “ጥፋቱ የኔ ነው” አሉ። “ፈቀቅ በሉ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ዝም ብዬ የቆምኩት።”

ይህ ውሸት መሆኑን ከአዛናው በላይ የሚያውቅ የለም፤ አያ ዋሴ የቆሙት እሱ ራሱ ባሳያቸው ቦታ ነው። እስከ ደረቱ ገባ። ጋቢው ዙሪያውን መሬት ላይ ተዘረጋ፤ አሁንም አልቆሸሸም።

አያ ዋሴን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። የቀሩት ሰዎች አዛናውን በክንዱ ይዘው ይስቡት ጀመር። እየሳቡ ያጽናኑታል። “በማንም ይደርሳል” ይሉታል፤ “አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም” ይሉታል። ስበው ካወጡት ይልቅ አጽናንተው ያስገቡት ይበልጥ ነበር። ዝም ብላችሁ ሳቡ ሊላቸው ፈለገ፤ ይሉኝታ ያዘው። ስመኝ ደግሞ እየሮጠች መጥታ፣ “እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ አሮጌውን ጋቢ ባልዘፈዝፈው ኖሮ!” ብላ አለቀሰች። ሁሉም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዱ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። አዛናው ከትከሻው በላይ ብቻ ቀረ።

እናኑ ከከተማ የሠርግ ልብሷን ለክታ ስትመለስ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ልጅነቷን ያሳለፈችው በዚያ መኪና ውስጥ ነው፤ ጋቢና ገመድ ምን እንደሚያገናኛቸው ከፊደል በፊት ታውቃለች። የተበጠሰውን ገመድ አየች፣ ነጩን ጋቢ አየች፣ አባቷ ፊት ቁጢጥ አለች።

“አባዬ፣ ጋቢው እንዳይቆሽሽ ብለህ ነው አይደል?”

“ነው” አለ አዛናው።

መሬት መዋጧን አቆመች።

እናኑ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ጓንት አደረገች። የገመዱን የተበላሸ ጫፍ ቆርጣ መንጠቆውን በቀረው ላይ በብሎን አጥብቃ አሰረች። በአባቷ ዙሪያ በአካፋ ቆፈረች፤ የተያዘ ነገር መጀመሪያ ይቆፈርለታል። ሰፊውን ቀበቶ በብብቱ ሥር አዞረች። ሰዎቹን አባቷ ከሚያርቃቸውም ይበልጥ አራቀቻቸው። በመጨረሻ ጋቢውን ከመሬት አንስታ ገመዱ መሀል ላይ ጣለችው፤ ጫፉም ጭቃው ውስጥ ተነከረ። አዛናው ጋቢው ሲጠቁር አየና ቀለል አለው።

ዊንቹ ጎተተ። ደረቱ ወጣ፣ ወገቡ ወጣ፣ ጉልበቱ ወጣ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሲደርስ ገመዱ ጮኸ፤ እናኑም አቆመችው።

“ከዚህ በላይ ከጎተትኩት ይበጠሳል” አለች። “የቀረውን መሬት የምትለቀው እውነቱን ለአያ ዋሴ ስትነግራቸው ነው። ይመስለኛል።”

ከዚያ ቀን ወዲህ አዛናው የሚሄደው እስከ ቁርጭምጭሚቱ መሬት ውስጥ ሆኖ ነው። ጭቃም ይሁን አስፋልት ለውጥ የለውም። እግሩን ሲያነሳ መሬቱ ተመልሶ ይገጥማል፤ ምልክት እንኳ አይቀርም። ሰላምታ የሚሰጡት ሰዎች ትንሽ ጎንበስ ይሉለታል፤ ለምን እንደሆነ ግን አያነሱበትም።

አያ ዋሴን ሊጠይቅ ሄደ። እግራቸው ጀሶ ገብቷል። ማዕድ ቀርቦ ነበር።

“አያ ዋሴ፣ ያን ቀን…” አለ አዛናው።

“ተወው በሞቴ” አሉ አያ ዋሴ። “ይልቅ ብላ።”

“ጋቢውን እኔ…”

“በሞቴ አልኩህ።” ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱት። አፉ የሞላ ሰው ምን ይናገራል? አላምጦ ሲውጥ ሁለተኛው ጉርሻ ደርሶ ነበር። አማች አጉርሶ እምቢ አይባልም። ጠግቦ፣ ምንም ሳይናገር፣ እስከ ቅልጥሙ ገብቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። መንገድ ላይ አለቀሰ።

ሠርጉ በከተማው አዳራሽ ሆነ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። አዛናው ጋቢ አልለበሰም፤ የእናኑ ጋቢ መሀሉ ላይ ጥቁር መስመር ቀርቶበት ስመኝ ደጋግማ ብትዘፈዝፈውም አልለቅ ብሏታል። ኮት ተውሶ ነበር የመጣው። ልጁን ሊመርቅ ሲነሳ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሊናገር ቆርጧል። ካልተናገረ ከዚያ አዳራሽ በእግሩ እንደማይወጣ ያውቃል።

“ከምርቃቱ በፊት አንድ የምናገረው አለኝ” አለ። “የአያ ዋሴን እግር…”

“እግሬስ ድሮም ያመኝ ነበር” አሉ አያ ዋሴ ከመቀመጫቸው ጮክ ብለው።

እንግዳው ሁሉ ተገላግሎ ሳቀ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከበሮ ተመታ። አዛናው ሲሚንቶው ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ፤ በአጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች ወደ ሳህናቸው አቀርቅረው መብላት ቀጠሉ።

እናኑ ከሙሽራው ጎን ተነሳች። ቬሎዋን ሰብስባ ወጣች። ውጪ የአሮጌው መኪና ሞተር ተነሳ። ስትመለስ በነጩ ጓንቷ ላይ የሥራ ጓንት ደርባ፣ መንጠቆውን በበሩ እየሳበች ነው። ቀበቶውን በአባቷ ብብት ሥር አዞረች።

“ከገመዱ ራቁ” አለች። “በሁለቱም በኩል።”

እንግዶቹ ሳህናቸውን እንደ ያዙ ተነስተው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። እሷ ወደ መኪናው ተመለሰች። ከበሮው ዝም አለ። ገመዱ ከወለሉ ተነስቶ፣ ከበሩ እስከ አዛናው ድረስ ቀጥ ብሎ ተወጠረ። ምንም አልተጣለበትም፤ አሮጌውም አዲሱም ጋቢ ቤት ቀርቷል።

ያን ጊዜ አያ ዋሴ ክራንቻቸውን ተደግፈው መጡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። አጠፉት፤ ገመዱን በዓይናቸው ለኩና ልክ መሀሉ ላይ አለበሱት። ከዚያ ተበጥሶ ቢመጣ የማይደርስበት ቦታ መርጠው ቆሙ። ይህን ሥራ ያስተማራቸው የለም። አንድ ቀን ከጉብታ ላይ ሆነው፣ አንድ ሰው ትከሻውን ነክቶ ጭቃውን ሲያይ አይተዋል እንጂ።

አያ ዋሴ ከመጀመሪያውም ያውቁ እንደ ነበር አዛናው ገባው። ሲገባው እስከ አንገቱ ወረደ፤ ሲሚንቶው አገጩን አልፎ ከንፈሩ ላይ ገጠመ።

“እንዲህ ነበር፣ አይደል?” አሉ አያ ዋሴ በለሆሳስ።

እስከዚያ ቀን እሱን የጠየቁት ነገር አልነበረም። አዛናው ሊመልስላቸው ፈለገ፤ አፉ ከወለሉ በታች ነበር። በዓይኑ አዎ አላቸው። አያ ዋሴም ዓይናቸውን መልሰው መሬት መሬቱን አዩ።

ውጪ ዊንቹ መጠቅለሉን ቀጠለ። ገመዱ ጮኸ፤ አልተበጠሰም። አዛናውም አልወጣም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመስኮቱ በኩል የሚታየው የባሕር ዛፍ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ፤ አዳራሹ ከነወለሉ፣ ከነሙሽራው፣ ከነእንግዶቹ፣ ቀስ እያለ ወደ መኪናው እየተጎተተ ነበር። ሰው ሁሉ ሳህኑን እንደ ያዘ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አብሮ ሄደ።